ራስ አጥቂ በሽታ የመከላከል አቅም መዳከም ነውን? ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ አንጻር የቀረበ አጭር ማብራሪያ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከጣርማበር ከፍታ ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ፣ በ220ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማና በዙሪያዋ የተዘረጋው የይፋት ቆላ በማሽላ፣ በማሾና በመስኖ ሽንኩርት ይታወቃሉ። በጤና ረገድ የአካባቢው ነባር ችግር ወባ ነው፤ ቢልሃርዝያ፣ የአንጀት ትላትልና የሳንባ ነቀርሳም አብረውት ይጠቀሳሉ። ስለዚህ በዚህ ቆላ ለሚኖር ሰው የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም ጉዳይ ከዕለት ኑሮ የራቀ ርእስ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ሉፐስ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ለምጽ ወይም ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ነው ሊባል ይችላልን? እነዚህ ሕመሞች የመከላከያ ሥርዓቱ የገዛ አካልን ሲያጠቃ የሚከሠቱ በመሆናቸው በሕክምናው ዓለም ኦቶኢሚዩን ይባላሉ፤ በዚህ ጽሑፍም «ራስ አጥቂ» እየተባሉ ይጠራሉ። የጽሑፉ መልስ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ በሽታው ራሱ ብዙውን ጊዜ የመከላከል አቅምን አያዳክምም፤ ለአንዳንዶቹ በሽታዎች የሚሰጠው መድኃኒት ግን ያዳክማል፤ ጥቂት በሽታዎች ደግሞ ሁለቱንም ባሕርያት አጣምረው ይይዛሉ። ወባና ሳንባ ነቀርሳ ባሉበት ቆላ ማን በልዩ ጥንቃቄ ሊታይ እንደሚገባ፣ ማንስ ያለ ምክንያት ሊሸማቀቅ እንደማይገባ የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው።

«አቅም» የሚለው ቃል ያሳደረው ግንዛቤ

«በሽታ የመከላከል አቅም» የሚለው ሐረግ በሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀው ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዞ ነው። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰቡ የደም ናሙናዎች ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት ክበባትና በጤና ጣቢያ ግድግዳዎች ላይ ኤድስ «የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም» ሕመም መሆኑ ሲነገር ኖሯል። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ ብዙ ሕይወትም አድኗል። ይሁን እንጂ በቋንቋው ላይ ሁለት አሻራዎች ትቷል።

አንደኛው፣ መከላከያ ሥርዓቱ እንደ እንስራ ውኃ የሚሞላና የሚጎድል አንድ ወጥ መጠን ተደርጎ መታሰቡ ነው። ሁለተኛው፣ «አቅም ማነስ» የሚለው አነጋገር ኤች አይ ቪን በስሙ ላለመጥራት የሚያገለግል ሽፋን መሆኑ ነው። በመሆኑም አንዲት ታማሚ «ሕመምሽ የመጣው ከመከላከያ ሥርዓትሽ ነው» ስትባል፣ ባለሙያው ያላሰበውን ሌላ መልእክት ልትሰማ ትችላለች። ጎረቤትና ቤተሰብም እንዲሁ።

ነገሩን ለማጥራት በአንድ ሐረግ የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጉድለት ነው፤ ከመከላከያ ሥርዓቱ ክፍሎች አንዱ ይጠፋል ወይም ይሰንፋል። ኤች አይ ቪ ሲዲ4 የተባሉትን የቲ ሴሎች ሲያወድም የሚሆነው ይህ ነው። ሁለተኛው አለመተዋወቅ ነው። ከደጋ ለአጨዳ ወይም ለሽንኩርት ለቀማ ወደ ይፋት የሚወርድ ጤናማ ወጣት ወባ ሲይዘው ሊጸናበት የሚችለው ሰውነቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ጥገኛ ተሕዋሱን ቀድሞ ስለማያውቀው ነው። በኢትዮጵያ የወባ ሥርጭት በአብዛኛው ወቅታዊና የሚዋዥቅ በመሆኑ፣ የቆላው ነዋሪም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ወባ በማይለይባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች እንደሚታየው ያለ ጠንካራ ከፊል መከላከያ አያዳብርም። ሦስተኛው ዒላማ መሳት ነው፤ ሥርዓቱ ኃይሉን እንደያዘ የሚያነጣጥረው ግን በገዛ አካሉ ላይ ነው። ራስ አጥቂ በሽታዎች የሚመደቡት በዚህ በሦስተኛው ነው።

ሥርዓቱ የራሱን ከባዕድ እንዴት ይለያል?

ቢ ሴልና ቲ ሴል የተባሉት የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነቶች ባዕድ ነገርን የሚለዩባቸው ተቀባዮች አሏቸው። እነዚህ ተቀባዮች የሚሠሩት የዘረ መል ቁርጥራጮች በዘፈቀደ እየተቀጣጠሉ ነው። ዘዴው ሰውነት ገና ያላየውን ተሕዋስ እንኳ የሚለይ ሕዋስ አስቀድሞ እንዲኖረው ያስችላል። ዋጋ ግን አለው፤ በዘፈቀደ ከተሠሩት መካከል የገዛ አካልን የሚለዩም መፈጠራቸው አይቀርም።

ስለዚህ ሰውነት ተደራራቢ የማጣሪያ ደረጃዎች አሉት። ቲ ሴሎች በደረት ውስጥ በሚገኘው ታይመስ፣ ቢ ሴሎች ደግሞ በመቅኔ ውስጥ ይፈተናሉ፤ የገዛ አካልን አጥብቀው የሚይዙት አብዛኞቹ እዚያው ይወገዳሉ። ከማጣሪያው ያመለጡትን ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የተባሉት ያረጋጓቸዋል። ራስ አጥቂ በሽታ የሚነሣው እነዚህ ማጣሪያዎችና ልጓሞች በዘር ተጋላጭነት፣ በኢንፌክሽን ወይም በሌላ ምክንያት ሲላሉ ነው።

ይህ ግንዛቤ በቀላሉ አልተገኘም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፓውል ኤርሊክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሰውነት ራሱን ከመመረዝ የሚጠብቅበት ተፈጥሯዊ ፍርሃት እንዳለው ጽፎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች አባባሉን «ሰውነት ራሱን ሊያጠቃ ከቶ አይችልም» ብለው ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1956 ግን ኖኤል ሮዝና ኧርነስት ዊተብስኪ ጥንቸሎች በገዛ የታይሮይድ ዕጢያቸው ላይ እንዲነሡ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ፤ በዚያው ዓመት በለንደን የነበሩ ተመራማሪዎች የሃሺሞቶ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ታይሮይድን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት አገኙ።

ራስን ማጥቃት ከድካም የተለየ መሆኑን በግልጽ የሚያሳየው ማስረጃ ከካንሰር ሕክምና የመጣ ነው። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግኝት የቲ ሴሎችን ልጓም በማንሣት ካንሰርን እንዲያጠቁ ማድረግ ነው። ልጓሙ ሲነሣ ግን በርካታ ሕሙማን የታይሮይድ፣ የአንጀት፣ የቆዳና የመገጣጠሚያ መቆጣት ያጋጥማቸዋል። የመከላከያ ሥርዓታቸው የበረታው ሆነ ተብሎ ነው፤ ራስ አጥቂ ሕመም የመሰለው ጉዳትም የዚያው ብርታት ውጤት ነው።

የሩማቲክ የልብ ሕመም፦ የቅርባችን ምሳሌ

ስለ ራስ አጥቂ በሽታ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት በሀብታም አገሮች የሚበዙ ሕመሞችን ነው። በኢትዮጵያ ግን ራስን የማጥቃት ሂደት ካለባቸው ሕመሞች መካከል የብዙ ወጣቶችን ሕይወት የሚቀጥፈው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዶ/ር ደጁማ ያደታና በባልደረቦቻቸው የታተመው፣ በልብ አልትራሳውንድ የተደገፈ ጥናት፣ ከ6 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከ1,000 ተማሪዎች መካከል 19 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። ቫልቫቸው የተጎዳ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ፍለጋ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ወደሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ይመጣሉ።

የሕመሙ መነሻ ተራ የሚመስል የጉሮሮ ሕመም ነው። ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በልጁ ጉሮሮ ውስጥ ሲራባ፣ ሰውነት በባክቴሪያው ገጽ ላይ ባለው ኤም ፕሮቲን ላይ ያነጣጠሩ ፀረ እንግዳ አካላትንና ቲ ሴሎችን ያሰማራል። ይህ ፕሮቲን በልብ ውስጥ ከሚገኙ እንደ ማዮሲን ካሉ ፕሮቲኖች ጋር በቅርጽ ይመሳሰላል። በመሆኑም ተጋላጭ በሆኑ ልጆች ላይ ለባክቴሪያው የተዘጋጀው ጥቃት ወደ ልብ ቫልቭ ይዞራል። ጉዳቱን ያደረሰው በባክቴሪያው ላይ የተነሣው ብርቱ ምላሽ እንጂ የምላሹ ማነስ አይደለም።

ታማሚው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወስደው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም በዚሁ መንገድ ሊተረጎም ይገባል። መርፌው «የደከመ አቅምን» ለማገዝ የሚሰጥ አይደለም። ባክቴሪያው ዳግመኛ በጉሮሮ ውስጥ እንዳይሰፍርና የመከላከያ ሥርዓቱን ለሌላ የተሳሳተ ጥቃት እንዳይቀሰቅሰው ነው። ወላጆች ይህን ካልተረዱ፣ ልጁ በርትቶ መሮጥ ሲጀምር «አቅሙ ተመልሷል» ብለው መርፌውን ሊያቋርጡ ይችላሉ። ቀጣዩ የጉሮሮ ሕመም በተጎዳው ቫልቭ ላይ ሌላ ጉዳት የሚጨምረውም ያን ጊዜ ነው።

አቅምን የማይነኩ ሌሎች ሕመሞች

ለምጽ የቆዳ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት በቲ ሴሎች ሲጠቁ የሚከሠት ነው። ነጭ ሆኖ ከሚታየው ቆዳ በስተቀር ሰውየው ወባንም ሆነ ሳንባ ነቀርሳን የሚከላከለው እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ሕመሙም አይተላለፍም። በአማርኛ ለምጽ የሚለው ቃል ከጥንታዊ ጽሑፎች ጀምሮ ከሥጋ ደዌ ጋር እየተቀላቀለ መነገሩ በባለ ለምጹ ላይ ተገቢ ያልሆነ መገለል አስከትሏል። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን ሌላ ሕመም ነው። በዚህ ላይ «አቅሙ የደከመ ነው» የሚል ግምት ሲታከል በአንድ ሰው ላይ ሁለት ስሕተት ይጫናል።

በሃሺሞቶ ሕመም የታይሮይድ ዕጢው የተጎዳበት ሰው የሚያስፈልገው የጎደለውን ሆርሞን መተካት ነው። የሚውጠው እንክብል መከላከያ ሥርዓቱን አይነካም። የአድሬናል ዕጢው የተጎዳበት ሰውም ሃይድሮኮርቲዞን ሲወስድ፣ መጠኑ ሰውነት በተፈጥሮ የሚያመነጨውን የሚተካ ብቻ እስከሆነ ድረስ አቅሙን አያዳክምበትም። መድኃኒቱ ከስቴሮይድ ወገን ነው ማለት ብቻውን አቅምን ያዳክማል ማለት አይደለም፤ የሚወስነው መጠኑና የቆይታው ጊዜ ነው።

ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ትንሽ ለየት ይላል። በጎንደር አካባቢ በሚኖሩ ሕሙማን ላይ የተካሄዱና ለዓመታት የዘለቁ ጥናቶች፣ ሕመሙ በዚያ በገጠር ድሆች፣ በተለይም በወንዶች ላይ እንደሚበዛና ከአውሮፓ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚጀምር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት የታተመው የዘረ መል ጥናትም በአማራ ሕሙማን ዘንድ ሕመሙ ራስ አጥቂ መነሻ እንዳለው የሚያመለክቱ ምልክቶችን አቅርቧል። በዚህ ሕመም ኢንፌክሽን የሚበረታው ራስን በማጥቃቱ ምክንያት አይደለም፤ ከፍ ብሎ የሚቆየው የደም ስኳር ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያሰንፋቸው ነው። ስኳሩ ሲስተካከል ተጋላጭነቱም አብሮ ይቀንሳል።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ

እስካሁን የተባለው «ራስ አጥቂ በሽታና የአቅም መዳከም ከቶ አይገናኙም» ወደሚል ድምዳሜ ሊወስድ አይገባም። ኮምፕሊመንት ከሚባሉት የደም ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ሲ1ኪው በተፈጥሮ የጎደላቸው ሰዎች በባክቴሪያ በቀላሉ ይጠቃሉ፤ አብዛኞቹም ሉፐስ ይይዛቸዋል። ይህ ፕሮቲን ተሕዋስያንን ብቻ ሳይሆን የሞቱ ሕዋሳትን ፍርስራሽም ያስወግዳል፤ ፍርስራሹ ሳይጠረግ ሲቀር ሥርዓቱ በገዛ አካሉ ይዘት ላይ እንዲነሣ ይገፋፋዋል። ፀረ እንግዳ አካላትን በበቂ መጠን ማምረት በማይችሉ ሰዎች ዘንድም የገዛ ደም ሕዋሳትን ማጥቃት በተደጋጋሚ ይታያል።

ሉፐስም እንዲሁ ድርብ ባሕርይ አለው። በሽታው ሲነሣ የነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ሊቀንስ፣ የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች ሊያልቁ፣ የጣፊያም ሥራ ሊሰንፍ ይችላል። ስለዚህ የሉፐስ ታማሚ መድኃኒት ሳይጀምርም በተወሰነ ደረጃ ለኢንፌክሽን ሊጋለጥ ይችላል፤ ኢንፌክሽንም በሉፐስ ሕሙማን ዘንድ ከዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። የመከላከያ ሥርዓት በአንድ አቅጣጫ እየበረታ በሌላው ሊደክም መቻሉ፣ «አቅም» አንድ ወጥ መጠን ነው የሚለውን አስተሳሰብ የሚያፈርስ ነው።

አቅምን የሚያዳክመው መድኃኒት

በተግባር ትልቁ የአቅም መዳከም ምንጭ ሕክምናው ነው። ፕሬድኒሶሎን በብዛትና ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ የመገጣጠሚያና የኩላሊት መቆጣትን ያበርዳል፤ በዚያው ልክ ተሕዋስያንን የሚያጠቃውን እጅ ያስራል። በቀን 15 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው ተኝቶ የቆየ ሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቀስበት እንደሚችል ይታወቃል። ቲኤንኤፍ የተባለውን መልእክት አድራሽ ፕሮቲን የሚያግዱት አዳዲስ መድኃኒቶችም የነቀርሳ ባክቴሪያን ከብበው የያዙትን ሕዋሳት ስለሚበትኑ ተመሳሳይ አደጋ አላቸው።

ለቆላው ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ስትሮንጊሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል በባዶ እግር በሚረገጥ እርጥብ አፈር በኩል ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ፣ በውስጥ ራሱን እያባዛ ያለ ጉልህ ምልክት ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ሰውየው ኮርቲኮስቴሮይድ ሲጀምር ትሉ ያለ ልክ ተራብቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት ይሠራጫል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ለሞት ያበቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ረዥም የስቴሮይድ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት መመርመር ወይም በአይቨርሜክቲን ማከም ነው።

ይህ ሥጋት በአገራችን በተጨባጭ የታየ ነው። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ኤሪቲማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም የተባለ ከባድ የሥጋ ደዌ ምላሽ ያጋጠማቸውን ሕሙማን ምላሹ ካልታየባቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር አነጻጽሯል። ሞት በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ለረዥም ጊዜ ኮርቲኮስቴሮይድ መውሰድም ከዚህ ጋር ተያይዞ ተጠቅሷል። ሕመሙ በጠባቡ ትርጉም ራስ አጥቂ አይደለም፤ የመከላከያ ሥርዓት መቆጣት የሚያደርሰውን ጉዳትና መቆጣቱን ለማብረድ የሚከፈለውን ዋጋ ግን በአንድነት ያሳያል።

ሁሉም መድኃኒት በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለሉፐስ መሠረታዊ መድኃኒት ነው፤ የኢንፌክሽን ተጋላጭነትንም ከፍ አያደርግም። ታሪኩ ከወባ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ፍራንሲስ ፔጅ ሜፓክሪን የተባለው የወባ መድኃኒት ሉፐስን እንደሚያሻሽል ጻፈ፤ የዛሬው ሃይድሮክሲክሎሮኪንም የዚያ መስመር ተከታይ ነው። ቅርብ ዘመዱ ክሎሮኪን በኢትዮጵያ እስካሁን ለቫይቫክስ ወባ ይሰጣል። ፋልሲፓረም ወባ ግን ክሎሮኪንን የተላመደ ሲሆን፣ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ጥምር ተቀይሯል። ስለዚህ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚወስድ የቆላ ሰው «ከወባ ተጠብቄያለሁ» ብሎ አጎበሩን ሊተው አይገባም። ቫይቫክስ ከያዘውም፣ ሁለቱ ተዛማጅ መድኃኒቶች ተደራርበው ልብ ላይ ጉዳት እንዳያደርሱ የሚወስደውን ሁሉ ለባለሙያው ማስታወቅ አለበት።

በወባማ ቆላ ያለው ልዩ ጥያቄ

ወባና ራስን ማጥቃት ያላቸው ግንኙነት የቆየ የምርምር ርእስ ነው። ብራያን ግሪንውድ እ.ኤ.አ. በ1968 ከናይጄሪያ ኢባዳን ባወጣው ጽሑፍ ራስ አጥቂ ሕመሞች በዚያ ሆስፒታል እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አመልክቶ፣ ምክንያቱ ተደጋጋሚ የጥገኛ ተሕዋስ ኢንፌክሽን ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል። ቀጥሎም በተፈጥሯቸው ሉፐስ መሰል ሕመም የሚይዛቸው አይጦች ወባ ሲያዙ ሕመሙ እንደሚገታ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሉፐስን ተጋላጭነት የሚጨምር አንድ የዘረ መል ልዩነት በኬንያ ሕፃናት ዘንድ ከከባድ ወባ ከመጠበቅ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ቢ ሴሎችን የሚገታው ተቀባይ ሲላላ፣ ወባን የሚዋጋው ክንድም ራስን የሚያጠቃው ክንድም አብረው ይፈታሉ። ለሉፐስ የሚያጋልጥ ዘር የግድ «ደካማ» ዘር እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ አስረጂ ማግኘት ያስቸግራል።

ግንኙነቱ በምርመራ ላይም ይንጸባረቃል። ወባ፣ ካላዛርና ሌሎች ረዥም ኢንፌክሽኖች የሩማቶይድ ፋክተርና የፀረ ኒውክለስ ፀረ አካል ምርመራዎችን ሕመሙ በሌለበት አዎንታዊ ሊያደርጉ ይችላሉ። በተቃራኒው ሩማቶይድ ፋክተር በደም ውስጥ መኖሩ አንዳንድ ፈጣን የወባ መመርመሪያዎችን ወባ ሳይኖር አዎንታዊ እንዳደረጋቸው ተመዝግቧል። ስለሆነም በአንድ ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል ስለታየ ብቻ የዕድሜ ልክ ሕክምና መጀመር ተገቢ አይሆንም፤ አጠራጣሪ የሆነ የወባ ውጤትም በማይክሮስኮፕ ሊረጋገጥ ይገባል።

ልዩነቱ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት፣ ወባ በሚበረታበት በጥቅምት ወር በቀወት ወረዳ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡ ሦስት ሴቶችን በምናብ እናስብ። የመጀመሪያዋ ለምጽ አለባት፤ ሁለተኛዋ የሩማቲክ የልብ ሕመም፤ ሦስተኛዋ ሉፐስ ኖሮባት በቀን 20 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። ሦስቱም ራስ አጥቂ በሽታ አለባቸው፤ ሦስቱም የወባ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

ባለ ለምጿ እንደማንኛዋም ሴት ትታከማለች። የልብ ታማሚዋ አቅሟ አልደከመም፤ ነገር ግን በተጎዳ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያ ሊሰፍር ስለሚችል ወባ ካልተገኘባት ትኩሳቷ በቀላሉ አይታለፍም። የፔኒሲሊን መርፌዋን ማቋረጥ አለማቋረጧም ይጠየቃል። ሦስተኛዋ ግን በእርግጥ አቅሟ የተዳከመ ነው። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ስለሚሸፍን መጠነኛ የሚመስለው ትኩሳቷ ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ የወባ ውጤቷ አዎንታዊ ቢሆንም እንኳ ሌላ ተጓዳኝ ኢንፌክሽን መፈለግ አለበት፤ ሉፐሱ ራሱም ትኩሳት ያመጣል። እንዲህ ያለችው ታማሚ ደብረ ብርሃን ወዳለው ሪፈራል ሆስፒታል ፈጥና ብትላክ ይሻላል። «መድኃኒቱ አቅምሽን አዳክሟል» ተብላ ፕሬድኒሶሎኑን በአንድ ቀን ብታቆም ደግሞ፣ የሰውነቷ የራሱ ኮርቲዞል ምርት አንቀላፍቶ ስለቆየ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ውድቀት ሊደርስባት ይችላል። መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው።

በክትባት ረገድም ፍርዱ ተመሳሳይ ነው። የተዳከመ ሕያው ተሕዋስ ያለባቸው እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ክትባቶች ለሦስተኛዋ ሴት አይሰጡም፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ግን በሕመማቸው ምክንያት ብቻ አይከለከሉም። ሕያው ተሕዋስ የሌለባቸው ክትባቶች ለሦስቱም የሚሰጡ ሲሆን፣ በተለይ ለሦስተኛዋ ያስፈልጓታል።

«አቅም የሚጨምር» ስለሚባለው

ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወዲህ አቅም ይጨምራሉ የተባሉ ቅጠላ ቅጠሎች፣ እንክብሎችና ዱቄቶች በገበያ በዝተዋል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በምግብነታቸው የሚነቀፉ አይደሉም። ጥያቄው አመክንዮው ላይ ነው። ራስ አጥቂ በሽታ የአቅም ማነስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው መፍትሔውን አቅም በመጨመር ይፈልጋል፤ ሳይንሳዊው ሕክምና ግን ለብዙዎቹ የሚያደርገው የተቆጣውን ማብረድ ነው። አንድ ምርት በእርግጥ መከላከያ ሥርዓቱን የሚያነሣሣ ቢሆን ኖሮ የሉፐስ ታማሚ ልትሸሸው የሚገባት ነበር፤ የማያነሣሣ ከሆነም ገንዘቧን የወሰደባት ያለ ጥቅም ነው። የከፋው ጉዳት ደግሞ እርሱን ተማምና የታዘዘላትን መድኃኒት መተዋ ነው።

ማጠቃለያ

ራስ አጥቂ በሽታ የመከላከያ ሥርዓት ዒላማ መሳት ነው፤ የአቅም መዳከም ደግሞ ጉድለት ነው። ሁለቱ በአንዳንድ ሕመሞች፣ በተለይም በሉፐስ፣ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚያገናኛቸው የሕክምናው ዓይነት፣ መጠንና ቆይታ ነው። ስለዚህ «ራስ አጥቂ በሽታ አለብህን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስለ አንድ ሰው የመከላከል አቅም ብዙም አይነግረንም። በሦስት ጥያቄዎች ሊሟላ ይገባል፦ በሽታው የትኛው ነው? በአሁኑ ጊዜ ተነሥቷል ወይስ በርዷል? ታማሚው ምን መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ ከመቼ ጀምሮ ይወስዳል?

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። በሸዋ ሮቢትም ሆነ በይፋት ቀበሌዎች ባሉ ጤና ኬላዎች በታማሚው ካርድ ላይ በግልጽ ሊሰፍሩ የሚችሉ ናቸው። የቋንቋ ጉዳይም ለተመራማሪዎች የቤት ሥራ ሆኖ ይቀራል። «የመከላከል አቅም ማነስ» የሚለው ሐረግ ለኤች አይ ቪና ለእውነተኛ ጉድለት ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ለራስ አጥቂ ሕመሞችም «ዒላማ የሳተ መከላከያ» የሚል ወይም ይህን የመሰለ ገላጭ አነጋገር በምክር አገልግሎት ላይ ተሞክሮ ቢጠና፣ ታማሚው ከሐኪሙ የሚሰማውና ሐኪሙ የሚለው ነገር ይቀራረባሉ። ልጇን በየወሩ ለፔኒሲሊን መርፌ ይዛ የምትመጣ እናት መርፌው ለምን እንደሚሰጥ በትክክል ካወቀች፣ ልጁ ደኅና በመሰለበት ወርም ቀጠሮውን የምታከብርበት ምክንያት ይኖራታል።